ሰሌዳው ላይ የቀረው አራት

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ይህን የማስቀድመው እሱ ራሱ ስለማያስቀድመው ነው። ሥራህ ምንድነው ብሎ የጠየቀው ሰው ሁሉ «እሳት አጠፋለሁ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ከዚያ ሰውየው ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ «በትርፍ ጊዜዬ ሱሪ አሳጥራለሁ» ብሎ ይጨምርለታል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። እሳት በወር አንዴ ቢነሳ ነው፣ ሱሪ ግን በየቀኑ ይረዝማል።

የምንኖርባት ከተማ ከተማ የተባለችው ሌላ ስም ስለጠፋላት ይመስለኛል። ሁለት መንገዶች ይገናኛሉ፤ መገናኛው ላይ ማደያው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጋራዡና የአባቴ ሱቅ ይተያያሉ፤ የቀረው እርሻ ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው እሳት አጥፊዎች ያሉት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው ትልቁ ከተማ ነው። እነሱ እስኪደርሱ ቤቱ አልቆ እሳቱ ራሱ የሚበላው ያጣል። ስለዚህ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አባቴና ጓደኞቹ አንድ አሮጌ የውሃ ቦቴ ቀይ ቀለም ቀቡና ፈቃደኞች ነን አሉ። ገደል የገባ መኪና ውስጥ የተጣበቀውን የሚያወጡት፣ ጎርፍ የከበበውን የሚያሻግሩት፣ ጉድጓድ የገባችውን ላም የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ላሟ ብዙ ጊዜ አታመሰግንም።

አባቴን ቡድኑ «ጋሼ ክር» ይለዋል። ሥራውም ክር ነው፣ ውፍረቱም።

ሰሌዳውን የሠራው እሱ ነው። በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት አንድ የጣውላ መጋዘን ተቃጠለ። አጥፍተው ሲያበቁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውሃ እየጠጡ ሳለ አንዱ «ግንበኛውስ?» አለ። እያንዳንዱ ሌላው ያየው መስሎት ነበር። ግንበኛው አልወጣም። የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር። አባቴ ከቀብር እንደተመለሰ የቁም ሣጥናችንን በር ነቅሎ አሥራ ሁለት ሚስማር መታበት፤ ከናስ አሥራ ሁለት ክብ ቆርጦ ቁጥር ቀረጸባቸው። ሕጉ አጭር ነው። ስትገባ ቁጥርህን ትሰቅላለህ፣ ስትወጣ ታወርዳለህ። ቁጥሩ የተሰቀለ ሰው ውስጥ ነው፣ ክርክር የለም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ልብሷን በር በሌለው ሣጥን ሰቅላ ኖረች፤ ሳታማርር ያለፈችበትን ቀን አላስታውስም።

እኔ አስም ስላለብኝ ጭስ ውስጥ አልገባም። ቀን ቀን ከአባቴ ጋር ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ሳይረን ሲጮህ ደግሞ ቦቴው አጠገብ ቆሜ ሰሌዳውን አያለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሚስማርና ቁጥር አየሁ። ሰዎች ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል። ዓይን ጥሎ ማየትና ልብ ብሎ ማየት ለየቅል መሆናቸውን ያወቅሁት እኔም ቢሆን ዘግይቼ ነው።

አምና አስተዳደሩ አዲስ የራስ ቁርና አዲስ ቁጥር ላከልን፤ ቀይ ፕላስቲክ። ቁጥሩን የሰጡት በስም ፊደል ተራ ስለሆነ ሁሉም ተደበላለቀ። አራት ለጋጋሪው ደረሰ፣ ለዳቦ ቤቱ ባለቤት ማለት ነው። የአባቴ ዘጠኝ ሆነ። «ሃያ ሦስት ዓመት አራት የነበረ ሰው በአንድ ደብዳቤ ዘጠኝ ይሆናል?» ብሎ ያዙኝ ልቀቁኝ አለ። ግን ሕግ አክባሪ ስለሆነ ዘጠኝን ተቀበለ። የናሱን አራት «ለማስታወሻ» ብሎ በትንሽ መንጠቆ ከሱቁ ቁልፍ ጋር አያያዘው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገሪ ብባል ይምታታብኛል። ማስታወስ ስላልፈለግሁም ይሆናል። ለአንድ ኮት የርዕሰ መምህሩን ልክ ሦስት ጊዜ ወሰደ። ሰውየው በሦስተኛው «ጋሼ፣ ወፈርኩ እንዴ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ኮቱ ሲያልቅ ሁለቱም እጅጌ የግራ ሆኖ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ዕድሜውን ሁሉ በተመላለሰበት መገናኛ ላይ ቆሞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲያይ አገኘሁት። «መኪና እስኪያልፍ ነው» አለኝ። መኪና አልነበረም። ዕድሜ ነው አልኩ። ድካም ነው አልኩ። ሌላ ጨርቅ ቆርጬ እጅጌውን ራሴ ሰፋሁትና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ያታለለኝ ነገር ቢኖር ሳይረን ሲጮህ ምንም የማይጠፋው መሆኑ ነው። የትኛው ቱቦ የት እንደተጠቀለለ፣ የትኛው መክፈቻ ወደ ኋላ እንደሚዞር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ፣ ሁሉን ያውቃል። እሳት ፊት ጤነኛ ነበር።

እሳቱ የተነሳው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በጥጥ መጋዘኑ ነው። የጥጥ እሳት ተንኮለኛ ነው፤ ሞተ ሲሉት ሆዱ ውስጥ ይነድዳል። አባቴ ከስፌት መኪናው ተነስቶ የሱቁን በር ቆለፈና ሮጠ፣ የልክ መውሰጃው ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ሆኜ አልደረስኩበትም።

ስደርስ ሰሌዳው ቦቴው ጎን ቆሟል፤ ቁጥሮች ተሰቅለዋል። አየሁ፤ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ። አምስት ሰው ውስጥ ነው። አባቴን ፈለግሁት፣ ጭሱ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር አላገኘሁትም። ዘጠኝ ስላልተሰቀለ ቱቦ ይዞ በጓሮ በኩል ይሆናል አልኩ።

አለቃችን ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ፊሽካው ከትምህርት ቤት ጋር ጡረታ አልወጣም። ጣሪያው መንቃቃት ሲጀምር ሦስት ጊዜ ነፋ፤ ሁሉም ሰው ይውጣ ማለት ነው። እየሳሉ ወጡ፤ እየወጡም ቁጥራቸውን አወረዱ። ከመካከላቸው አባቴን አየሁት። መቼ ገባ? አልኩ። ሳይሰቅል ገብቶ ከሆነ ልቆጣው ተዘጋጀሁ። ሰሌዳው ፊት ቆመ፣ ሚስማሮቹን አየ፣ ኪሱን ዳበሰና ቀዩን ዘጠኝ አወጣ። «አውርጃለሁ» አለ ለራሱ፤ መልሶም ኪሱ ከተተው።

ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ቀረ። አራት።

«አራት አልወጣም!» ብዬ ጮህኩ። «ጋጋሪው! ጋጋሪው ውስጥ ነው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ነገር ይኸው ነው። አለቃው «ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» እያለ፣ አባቴ ዘጠኝን ከኪሱ አውጥቶ ሰሌዳው ላይ ሰቀለና ሮጦ ገባ። ከራስ በላይ ንፋስ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አባቴ እንዲህ ያለውን ተረት ሰምቶም አያውቅ። ከውስጥ ድምፁ ይሰማኛል። «አራት! አራት! የት ነህ?» ይላል። የጋራዡ ባለቤት፣ ጎማ የምንለው ጡንቸኛ፣ ተሳደበና ሰባት ቁጥሩን መልሶ ሰቅሎ ተከተለው።

ይሄኔ ነው ጋጋሪው በቦቴው ጀርባ ብቅ ያለው። ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ሆኗል። የውሃው ግፊት ሲቀንስ አይቶ፣ ማንንም ሳያማክር ወንዝ ዳር ወዳለው ፓምፕ ሄዶ ኖሯል።

«ምን ሆናችሁ?» አለኝ።

«አንተ እኮ ውስጥ ነህ!» አልኩት።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ!»

ሰውየው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እግሩን አየ። የቆመበትን የተጠራጠረ ይመስል ነበር። እጁን ኪሱ ከትቶ ቀዩን አራት አወጣ። እሱ እጅ ላይ አራት፤ ሰሌዳው ላይ አራት። የጣሪያው ግማሽ የወረደው በዚያች ቅጽበት ነው።

ጎማ አባቴን ትከሻው ላይ ጭኖ ወጣ። የጎማ ግራ ክንድ ከእጅጌው ጋር ተቃጥሎ አንድ ሆኗል። አባቴ እየተወራጨ ነው። «ልቀቀኝ! ሰው አለ! ውስጥ ሰው አለ!» ይላል። ጋጋሪው ፊቱ ቆሞ «ጋሼ፣ ይኸው እዚህ ነኝ» ቢለው አላየውም፣ ወይም አይቶ የሚፈልገው ሰው እሱ አልመሰለውም። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ቃሬዛው ላይ እየተነሳ «ሰውየው ወጣ?» እያለ ጠየቀኝ። ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ እንጃ።

ነርሷ ጭሱ አምታቶት ይሆናል አለች። ወይም ዕድሜው። ወይም ሌላ ነገር፤ ትልቁ ሆስፒታል ወስደሽ አሳዪው አለችኝ። ከሦስቱ አንዱን ምረጪ የተባልኩ መሰለኝ።

በማግስቱ የሰሌዳውን ጥቀርሻ ሳጥብ የቀረው አራት እጄ ላይ ወደቀ። ከበደኝ። ፕላስቲክ አይከብድም። በጣቴ ሳሸው ናሱ ከሥሩ ወጣ። ሮጬ የሱቁን ቁልፍ አየሁ፤ መንጠቆው ባዶ ነው።

ቁጭ አልኩ። ሰሌዳው ላይ የነበሩት አራትም ዘጠኝም አባቴ ነበሩ። እዚያ እሳት ውስጥ «የት ነህ?» እያለ ሲጣራ የነበረው ራሱን ነው። የጮህኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን አየሁ እንጂ ናስ መሆኑን ልብ አላልኩም።

ምን እንደማስብ አላውቅም ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የለመደ እጅ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፣ ማንም ይሳሳታል አልኩ። እጅጌዎቹ ትዝ አሉኝ። መገናኛው ትዝ አለኝ። ብናገር ቁጥሩን ይቀሙታል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር እሱ ብቻ ነው። ዝም ብል በሚቀጥለው እሳት አንድ ሰው እሱን ሲፈልግ ይሞታል፤ ጎማ ለጥቂት ነው የተረፈው። ናሱን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ አራት ቀን እዚያው ዋለ።

እሁድ ቡድኑ ተሰበሰበ። የምንሰበሰበው ቦቴው የሚቆምበት የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ነው፤ ቦቴውን አስወጥተን ወንበር እናስገባለን። ጎማ ክንዱ እስከ ትከሻው ተጠቅልሎ መጣ። ጉዳዩ ቁጥሩን ሳያወርድ ወንዝ ወርዷል የተባለው ጋጋሪው ነበር። ሁለተኛ አራት መኖሩን ያየነው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ እሱን ደግሞ ማንም አላመነውም።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልሰቀልኩም!» ይላል ጋጋሪው። «ቁጥሬ ኪሴ ነበር።»

«ታዲያ ማን ሰቀለልህ?» አለ አለቃው።

«እኔ ምን አውቄ! ጉድ እኮ ነው!»

አንዱ ሰቅለህ ረስተህ ይሆናል አለ። ሌላው ከወንዝ ስትመለስ አውርደህ ይሆናል አለ። «ኧረ ሰሌዳውን እሷ ስታየው ነበር፣ እሷ ትናገር!» ብሎ ጋጋሪው ወደ እኔ ዞረ። እጄን ኪሴ ከትቼ ናሱን ጨበጥኩ። ያኔ አባቴ ተነሳ።

የክት ልብሱን ለብሷል። ፊቱ ላይ ቃጠሎው ገና ቀይ ነው። «ሰሌዳ ቀልድ አይደለም» አለ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ አንድ ቃል አልጠፋበትም። «ያን በር ከቤቴ ነቅዬ ያመጣሁት ሰው ቀብሬ ነው። በቁጥሩ የሚቀልድ ሰው በወንድሞቹ ነፍስ ይቀልዳል። ይሄ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዳቦውንም እወደዋለሁ። ግን የጎማን ክንድ እዩት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉ ይውጣ ይላል።»

ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። አለቃው «እንግዲህ እጅ የምታወጡ» አለ።

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ናሱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ተሰቅሎ የቀረው ይሄ ነው» አልኩ። «ጋጋሪው ምንም አላጠፋም። አራት ቀን የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ናሱን አዩ። ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነው፤ ፊቱ በራ።

«ውይ! የኔ እኮ ነው! የት አገኘሽው? ስፈልገው ከረምኩ!»

አንሥቶ በእጅጌው ወለወለው። ፈገግ እንዳለ ቆየ፤ ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ መሄጃ እንዳጣ ሰው ፊቱ ላይ ቆመ። ናሱን አየ። ጋጋሪውን አየ። የጎማን ክንድ ብዙ ጊዜ አየው።

«እንግዲያው» አለ፣ «እኔ ማንን ነበር የምፈልገው?»

እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱ ግን አላለቀሰም። ኪሱን ዳብሶ ቀዩን ዘጠኝ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሕጉ ይውጣ ይላል» አለ በዝግታ። የገባውና ያልገባው ስንት ስንት እንደነበር ዛሬም ድረስ አላውቅም። ሲያልቅ አያምር ይባላል፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ከአባቴ አላየሁም።

ናሱን መልሶ እጁ ላይ ያኖረለት ጋጋሪው ነው። «ይሄ ያንተ ነው፣ ጋሼ» አለው። «እኔ ከነገ ጀምሮ ዘጠኝ ነኝ።» አለቃው ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ ሳይነፋው አወጣ። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፦ አባቴ ከእንግዲህ አይገባም፣ ቁጥሩንም አይሰቅልም፤ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ሰሌዳውን ይጠብቃል። ሁለት ሰው ሲያየው ይሻላል አሉ። በኔም ላይ እምነት ቀንሷል ማለት ነው፤ አልተከፋሁም፣ እኔም ራሴን አላምነውም።

ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሰዓት ሣል አለው፤ አባቴ ኮት ሣለለት፣ በጣም ቆንጆ ኮት። በሽታው ስም አለው፣ መድኃኒቱ የለውም። ሱቁን አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ የድሮ እጅጌ ይፈታል፣ መልሼ እሰፋለሁ፣ ይፈታል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። አንዳንድ ቀን እበሽቃለሁ፤ እጮህበታለሁም፤ ከዚያ ይጸጽተኛል።

በሦስተኛው ወር መንገድ ዳር ያለው የሣር ክምር እስከ ጋጣው ድረስ ተቀጣጠለ። ሳይረኑ ሲጮህ አባቴ ቀድሞኝ ተነሳ። ሰሌዳው አጠገብ አግዳሚ ወንበር አድርገንለታል። እነሱ ሲሰቅሉ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ በጣቴ እየነካሁ ቁጥሩንም ፕላስቲኩንም አረጋግጣለሁ። አንድም አልሳተም። ናሱ አራት እጁ ውስጥ ነው፤ እንዳይሰቅለው በክር ከአንገቱ ጋር ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጎማም ከተቃጠለ ወዲህ ሲመጣ ያን ቀን መጀመሪያው ነበር፤ ክንዱ ድኗል፣ ቆዳው ግን ተጨማዷል።

እሳቱ ጠፋ። ሁሉም ወጡ፣ ቁጥራቸውን አወረዱ፣ ሰሌዳው ባዶ ሆነ። አባቴ ሚስማሮቹን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቆጥሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰውየው ወጣ?» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ፣ አባዬ?»

«ያ... ስፈልገው የነበረው።»

ግንበኛውን ይሁን፣ ጋጋሪውን ይሁን፣ ራሱን ይሁን አላወቅሁም። እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ከእንግዲህ አልደብቅም ብዬ ነበር። «ወጣ» አልኩት። «ጎማ ነው ያወጣው።»

አግዳሚውን ተደግፎ ተነሳና ጎማ ውሃ ወደሚጠጣበት ሄደ። እንዳይወድቅ ተከተልኩት። እጁን ዘረጋለት።

«ሰውየውን አንተ ነህ አሉ ያወጣኸው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

ጎማ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ። እኔን አየኝ። ከዚያ በተጨማደደው እጁ የአባቴን እጅ ያዘ።

«ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለው። «ከባድ ሰው አልነበረም።»

«ደህና ነው አሁን?»

«ደህና ነው።»

አባቴ አሰበ። «ቤተሰብ አለው?»

«ሴት ልጅ አለችው።»

«ታዲያ ይነገራት እንጂ!» አለ አባቴ ተቆጥቶ። «አባቷ መውጣቱን ሳታውቅ ስትጨነቅ ልትውል ነው?»

«ሰምታለች፣ ጋሼ» አለው ጎማ።